ዮሪስ፣ ሳነ፣ ሴም፦ የሆላንድ ስሞች «ምን ማለት» ናቸው?

የሮተርዳሟ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ባለቤቴ ሆላንዳዊ ነው። ባለፈው እሑድ አማቴ በእጇ የጻፈችውን የስም ዝርዝር ይዛ መጣች። ለሴት ፌምከ፣ ሳነ፣ ሳስኪያ፤ ለወንድ ዮሪስ፣ ሴም፣ ታይስ ይላል። ጎንደር ደውዬ ለእናቴ አነበብኩላት። በእያንዳንዱ ስም ላይ «እሺ፣ ምን ማለት ነው?» ትለኛለች። አማቴን ብጠይቃት «ዮሪስማ የአባቴ ስም ነው» አለችኝና ጨረሰች፤ ለእሷ መልሱ ያ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ፌምከ «ሴት ልጅ»፣ ዊለም ደግሞ «ፈቃድና የራስ ቁር» ይላል። ይህን ለእናቴ በምን አማርኛ ልንገራት? የምታውቁ እርዱኝ።

ሥርወ ቃል፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

እናትሽና አማትሽ የጠየቁሽ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ነው፤ ግራ ያጋባሽም እሱ ይመስለኛል። የእኛ ስም ብዙውን ጊዜ ንግግር ነው። ማንያዘዋል፣ ይበልጣል፣ የሺእመቤት ስንል ስሙን የሰጠው ሰው ያሰበው ነገር እዚያው ውስጥ ይሰማል። ስለዚህ «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ለእኛ የተፈጥሮ ነው። በሆላንድ ባህል ግን የስም ወግ የቆመው ፈርኑመን በሚሉት ቃል ላይ ነው፤ ለልጅ የዘመድ ስም መስጠት ማለት ነው። የቀድሞው ልማድ በብዙ ቦታ የመጀመሪያውን ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛውን በእናቱ አባት፣ የመጀመሪያዋን ሴት ደግሞ በእናቷ እናት ስም መጥራት ነበር። ስለዚህ የሚጠየቀው «በማን ስም ነው?» ነው። አማትሽ «የአባቴ ስም ነው» ስትልሽ የስሙን ትርጉም ነግራሻለች።

«ፈቃድና የራስ ቁር» የሚለው ስህተት አይደለም፤ ዊለም በእርግጥ ዊል (ፈቃድ) እና ሄልም (የራስ ቁር) ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው። ኼራርት «ጦር» እና «ጠንካራ» ነው። ዲርክ ከዲደሪክ ያጠረ ሲሆን «ሕዝብ» እና «ገዥ» ነው። ነገር ግን የጥንት ጀርመናውያን ነገዶች እነዚህን ቃላት ያጋጠሙት እንደ እኛ ዓረፍተ ነገር እንዲወጣቸው ብለው አልነበረም። ብዙ ጊዜ ግማሹን ከአባት ስም፣ ግማሹን ከእናት ስም ወስደው ይገጥሙ ነበር፤ የሚፈለገው ልጁ የማን ወገን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረችውን ባለቅኔ የሃደቫይኽን ስም ተመልከቱ። «ሃደ» ውጊያ ነው፤ «ቫይኽ»ም ውጊያ ነው። ውጊያ ውጊያ! እንዲህ ያለውን ስም እንደ ዓረፍተ ነገር ለመተርጎም መድከም ስሙን መበደል ነው።

አሁን ወደ ዝርዝርሽ ልምጣ። ለእናትሽ የምትነግሪው ብዙ ነገር አለ፤ ግማሹን ራሷ ታውቀዋለች። ሆላንዶች ረጅሙን የመጽሐፍ ስም ሲያሳጥሩ ብዙ ጊዜ ራሱን ቆርጠው ጭራውን ያስቀራሉ። እኛ ቴዎድሮስን ቴዲ፣ ጌታቸውን ጌች ብለን ራሱን ስለምናስቀር ጆሯችን የእነሱን አጠራር ቶሎ አይለየውም። ድምፁ የሚጠነክረው በስሙ መካከል ወይም መጨረሻ ላይ ነው፤ የሚተርፈውም ያ ክፍል ነው። ኒኮላስ ክላስ ይሆናል፣ አሌክሳንደር ሳንደር፣ ዮሃነስ ሃንስ፣ ማታይስ ታይስ። ስለዚህ ታይስ የእኛው ማትያስ ነው። ሳነም ከሱዛና የተረፈች ጭራ ናት፤ ሶስና በያት፤ በዕብራይስጥ አበባ ናት። ዮሪስ ደግሞ ጊዮርጊስ ነው! መነሻው ግሪክ ሲሆን ትርጉሙ «መሬት የሚያርስ»፣ ገበሬ ማለት ነው።

ፌምከን «ሴት ልጅ» የሚሏት በሆላንድ ሰሜን ባለችው በፍሪስላንድ አውራጃ ቋንቋ ፋምከ ሴት ልጅ ስለሆነ ነው። ስሟ ግን ፌመ ከሚለው አጭር ስም የወጣ ቁልምጫ ነው፤ ፌመም «ሰላም» በሚል ቃል ከሚጀምሩ የድሮ ስሞች ጋር ይያያዛል። ለእናትሽ «ሰላም» ብትያት አትሳሳቺም። ሳስኪያ «ሳክሶናዊት»፣ ከጥንቱ የሳክሶን ነገድ የሆነች ሴት ማለት ነው።

ሴምን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አመጣሁት። ሴም የኖኅ ልጅ ነው፤ ሆላንድ ውስጥ በእነሱ አቆጣጠር በ2010ዎቹ በጣም ከተወደዱት የወንድ ስሞች አንዱ ነበር። በዕብራይስጥ የቃሉ ትርጉም ስም ማለት ነው፤ በአማርኛም በግዕዝም ያለው ያው «ስም» ነው። ሮተርዳም ውስጥ አንድ እናት ከመጫወቻ ሜዳ «ሴም! ና!» ብላ ስትጣራ የምትጠራው በእኛ አፍ ያለውን ቃል ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ያንን ስም ስሰማ ልቤ ይሞቃል።

ፊደል ወዳጅ፦

ወንድሜ ሥርወ ቃል፣ አንድ ነገር ልቃወምህ። ሁሉም የሆላንድ ስም ትርጉሙ አንቀላፍቷል ማለት አይቻልም። ስተረ ኮከብ ናት፣ ሮስ ጽጌረዳ፣ ማደሊፍ በሣር ላይ የምትበቅለው ትንሽ ነጭ አበባ። ሊቨ ውድ፣ የተወደደች ማለት ነው፤ ስቶርም ማዕበል ነው። እነዚህን ስም የሚሰጥ ወላጅ ልክ እንደኛ ትርጉሙን እየሰማ ነው የሚሰጠው።

ሥርወ ቃል፦

ትክክል ነህ፣ አሳጥሬዋለሁ። የዘመድ ስም መስጠት ግዴታ መሆኑ እየላላ ሲሄድ የትርጉም ስም በረታ። አሁን ብዙ ቤተሰቦች ሁለቱንም ያስታርቃሉ። ልጁ የሚጠራበት ስም ሩፕናም ይባላል፤ ያማራቸውን ይመርጡለታል። በመዝገቡ ላይ ደግሞ የአያቶቹን ስም በረድፍ ያስገባሉ፤ ያ ዶፕናም ነው፣ ቃል በቃል የጥምቀት ስም። መጠሪያ ስምና የክርስትና ስም ላለን ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። እግር ኳስ የምትወዱ ዮሃን ክራይፍ የምትሉት ሰው በመዝገብ ሄንድሪክ ዮሃነስ ነበር።

ነገር ግን የዘመድ ስም ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ካላየን አማቷን አንረዳትም። ሠዓሊውን ሬምብራንትን ውሰዱ። ሙሉ ስሙ ሬምብራንት ሃርመንስዞን ነው፣ የሃርመን ልጅ ማለት፤ እንደኛው በአባት ስም። በ1634 ሳስኪያን አገባ። በ1635 ወንድ ወለዱ፤ በሳስኪያ አባት ስም ሩምባርተስ አሉት፤ ሞተ። በ1638 ሴት ወለዱ። የሬምብራንት እናት ኔልቸን ትባል ነበር፤ ይህም የኮርኔሊያ ቁልምጫ ነው። ልጅቷን ኮርኔሊያ አሏት፤ በሳምንታት ውስጥ ሞተች። በ1640 ሌላ ሴት ተወለደች። አሁንም ኮርኔሊያ! እሷም ሞተች። በ1641 ቲተስ ተወለደ፤ በዚያው ዓመት በሞተችው በሳስኪያ እህት በቲቲያ ስም ነው። በ1642 ሳስኪያ ራሷ አረፈች። ከዚያ በ1654 ሬምብራንት አብራው ትኖር ከነበረችው ከሄንድሪክየ ሴት ልጅ ወለደ፤ ስሟን ማን አላት? ኮርኔሊያ። ሦስተኛዋ አደገች፣ ተዳረች፣ ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ድረስ ሄደች፤ እዚያም ወንድ ልጅ ወልዳ ሬምብራንት አለችው።

በእኛ ቤት ልጅ ሞቶ ሌላ ሲተካ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ይባላል። ኀዘኑ በስሙ ውስጥ ይነገራል። እነሱ ግን ኀዘኑን አይናገሩትም፣ ያንኑ ስም መልሰው ያነሡታል። ሁለቱም የአንድ ወላጅ ልብ ሥራ ነው።

ከዩትሬክት፦

ይህን ሳነብ ሠዓሊው ቪንሰንት ፋን ኾኽ ትዝ አለኝ። (በእኛ ኸ ነው የሚነበበው፤ ቫን ጎግ አትበሉት።) መጋቢት 30 ቀን 1853 በእነሱ አቆጣጠር ተወለደ። ልክ ከዓመት በፊት፣ በዚያው ቀን፣ እናቱ ሞቶ የተወለደ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር፤ ስሙም ቪንሰንት። አባታቸው ቄስ በነበሩበት በዙንደርት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትንሽ የመቃብር ድንጋይ አለች፤ ስሙና 1852 ተጽፎባታል። ቪንሰንት በልጅነቱ የራሱ ስም የተጻፈበትን መቃብር እያየ ነው ያደገው። ወንድሙ ቴዮ የአባታቸው የቴዮዶረስ ስም ወራሽ ነው፤ የእኛው ቴዎድሮስ። ቴዮ በ1890 ወንድ ልጅ ሲወልድ በወንድሙ ስም ቪንሰንት አለው። ሠዓሊው ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ግን በእሱ ከሚሆን በአባታቸው ስም ቢሆን ይመርጥ እንደነበር ነገራት። ያም ሆኖ ለሕፃኑ በሰማያዊ ሰማይ ላይ ነጭ ያበበ የለውዝ ቅርንጫፍ ሣለለት። ሕፃኑ አድጎ ነው በአምስተርዳም ያለውን ሙዚየም ያቋቋመው።

አንድ የቤት ነገር ልጨምር፣ የሮተርዳሟ እህቴ። ስትወልጂ ጠያቂ ሲመጣ ክብ ደረቅ ዳቦ ላይ ቅቤ ቀብተው በስኳር የተለበጠ ጥሩ ሽታ ያለው ጥቃቅን ፍሬ ነስንሰው ያቀርባሉ። ለሴት ሮዝ፣ ለወንድ ሰማያዊ። ፍሬዎቹን ማውስየስ ይሏቸዋል፣ «ትንንሽ አይጦች»፤ ከአንዳንዷ ፍሬ ጫፍ እንደ ጭራ ያለ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ታያለሽ። በዚያ ቃል ከመጨረሻው «ስ» በፊት ያለችው «የ» የሆላንዶች ማቆላመጫ ናት፣ እንደኛ «ዬ»። «ያን»፣ ማሪያ፣ አና የሚሉ ስሞች ላይ «ቸ» ወይም «ከ» ሆና ትገባለች፦ ያንቸ፣ ማራይከ፣ አነከ። የሚገርመው ቁልምጫዋ መዝገብ ላይ ወጥታ ዋና ስም መሆኗ ነው። እኛ አበብዬን ፓስፖርት ላይ አንጽፍም። ለማንኛውም ልደቱን በሦስት ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ማስመዝገብ አለባችሁ፤ ስሙን ከአሁኑ ቁረጡ።

ፊደል ወዳጅ፦

ስም ከተነሣ ፈሊጡንም አንተወው። ሆላንዶች መልሱን ማንም የማያውቀው ነገር ሲገጥማቸው «ዮስት ይወቀው» ይላሉ። ዮስት የታወቀ የወንድ ስም ነው፤ በፈሊጡ ውስጥ ያለው ግን የሰው ስም አይደለም ይባላል። ፖርቱጋሎች «አምላክ» የሚሉበት ቃል ዴውስ በጃቫ በኩል ዞሮ ዮስየ ሆኖ መርከበኞች አፍ ላይ የገባ ነው። እንግዲህ እኛ «አንድዬ ይወቀው» ስንል እነሱም ሳይታወቃቸው ያንኑ ይላሉ። ከዚህ ሌላ «ያን እና ሰው ሁሉ» ሲሉ ማንም ምንም ሳይቀር ማለታቸው ነው። ግትር ብሎ የሚራመደውን ሰው «የእንጨት ክላስ»፣ ነገር ሁሉ ካልተስተካከለ የማያርፈውን ደግሞ «ትክክሉ ፒችየ» ይሉታል።

የሮተርዳሟ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሥርወ ቃል ወንድሜ፣ አንተን ደግሞ በተለይ። ትናንት ማታ ለእናቴ ደውዬ «እማዬ፣ ዮሪስ ማለት እኮ ጊዮርጊስ ነው» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ጊዮርጊስ አይሉትም? በየወሩ በ23 የምዘክረው ለማን ነው?» አለችኝ። ለአማቴም ይህን ነገርኳት። አባቷ ከፈረስ ጋር የሚሣለው ቅዱስ ስም እንደነበራቸው ታውቅ ነበር፤ እኛ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል እሱ መሆኑን ግን አላወቀችም። ተነሥታ ሄዳ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ወንድ ከሆነ ዮሪስ ነው፤ ሴት ከሆነች ሳነ፣ የክርስትና ስሟም ወለተ ጊዮርጊስ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ። እናቴ ስሙን በደብተሯ ላይ «ጆሪስ» ብላ ጽፋዋለች። በፊደላችን በየትኛው ነው የሚጻፈው?

ሥርወ ቃል፦

በ«ዮ» ነው፣ እህቴ። በስሙ መጀመሪያ ያለው «J» በሆላንድ ስሞች ብዙውን ጊዜ የእኛ «የ» ነው። «ዮሪስ» ብለሽ ላኪላት።