«ፔይናይት ነው» የተባለ ቀይ ድንጋይ፦ ሳልገዛው እንዴት ልለየው?

ብርና ዶቃ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ ትንሽ የስጦታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ብር፣ ዶቃ፣ የደላንታ ኦፓል እሸጣለሁ። ሰሞኑን አንድ ደላላ ወደ ቡናማ የሚያደላ ደማቅ ቀይ ድንጋይ ይዞልኝ መጣ። ተቆርጦ ተወልውሏል። «ፔይናይት ይባላል፤ በዓለም ላይ ብርቅ ነው፤ ጉጂ የወጣ ነው» አለኝ። በስልኩ የውጭ ዋጋ አሳየኝና «ለአንቺ በግማሽ» አለ። ቀብድ ካልሰጠሁት ሌላ ገዢ አለኝ ይላል። ሁለታችንንም የሚያውቅ ሰው ዋስ ሆኖ እስከ ቅዳሜ ድንጋዩ እኔ ጋ ተቀምጧል።
ኦፓል ላይ ዓይኔ አይሳሳትም፤ ይሄን ግን አይቼው አላውቅም። ላቦራቶሪ ሳልሄድ መለየት ይቻላል?

አራት ኪሎ ጂኦ
እህቴ፣ መጀመሪያ ቀብዱን እንዳትከፍዪ። የሚያስቸኩል ሻጭ ጥሩ ምልክት አይደለም።
ፔይናይት ቦሬት ነው። ቦሮንና ኦክስጅን የተጣመሩበት ማዕድን ማለት ነው። ካልሲየም፣ ዚርኮኒየምና ብዙ አሉሚኒየምም አለበት። ብርቅ ያደረገው ይሄ ቅልቅል ነው፤ ቦሮንና ዚርኮኒየም አንድ ማዕድን ውስጥ አብረው መገኘታቸው ከስንት አንዴ ነው። የታወቁት መገኛዎቹ ምያንማር ውስጥ ናቸው፤ ዋናው ሩቢ በሚባለው ቀይ ዕንቁ የሚታወቀው የሞጎክ አካባቢ ነው። «ጉጂ» ሲልሽ እዚያው ጋ ጥያቄ ማንሳት ነበረብሽ።
ታሪኩ ራሱ ደስ ይላል። አርተር ፔይን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከዚያው አካባቢ ያገኘውን ቀይ ክሪስታል ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1957 አዲስ ማዕድን መሆኑ ታወጀ፤ ስሙም ከእሱ ተወሰደ። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት በመላው ዓለም የሚታወቁት ክሪስታሎች ሁለትና ሦስት ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጊነስ የዓለማችን ብርቅ ማዕድን ብሎ መዘገበው። ዛሬ የሚወራው ወሬ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ግን በነዚያው ዓመታት ምንጩ ተገኘ፤ ክሪስታሉና ስብርባሪው በሺዎች ወጣ። አብዛኛው ስንጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ለመቁረጥ አይመችም። ንጹሕ ሆኖ የሚቆረጠው ትንንሹ ነው።
የአንቺው ስንት ካራት ነው?

ብርና ዶቃ
በሚዛኔ 2.42 ግራም። ከ12 ካራት ትንሽ ያልፋል። ውስጡ ጥርት ያለ ነው።

አራት ኪሎ ጂኦ
እንግዲያው ጥርጣሬዬ ባሰ። ያን ያህል ትልቅና ጥርት ያለ ፔይናይት ሙዚየሞች የሚሻሙበት ነው።

ሰባራ ባቡር
ጠርሙስ ላይ ጫሪበት። ጠርሙሱን ከቧጨረው እውነተኛ ነው።

አንጥረኛ ፒያሳ
አይ ወንድሜ፣ ጠርሙስማ ጋርኔት የሚባለው ርካሹ ቀይ ድንጋይም፣ ተራው ኳርትዝም ይቧጭራል። ደግሞ የሰው ዕቃ ነው፤ ጠርዙ ቢሸረፍ ማን ሊከፍል ነው?
ልጄ፣ እኔ የምልሽን አድርጊ። ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ዜሮ አድርጊው። ድንጋዩን በቀጭን ክር አንጠልጥለሽ ውኃው ውስጥ አስገቢው። ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ ያወጣውን ቁጥር ያዢና የድንጋዩን ክብደት ለእሱ አካፍዪ። የሚወጣው ጥግግቱ ነው። ፔይናይት 4.01 አካባቢ ነው።
ቦሬት ሲባል ሰው ብርቅ ብቻ ይመስለዋል። እኛ ወርቅ ስንበይድ የምንነሰንሰው ቦራክስም ቦሬት ነው። እሱ ከደረቀ ሐይቅ የሚዛቅ፣ ውኃ የሚያሟሟው፣ በጥፍር ሊጫር የሚችል ለስላሳ ነገር ነው። ፔይናይት ግን በጥንካሬ መለኪያው 8 ነው፤ ከሩቢ አንድ ደረጃ ብቻ ያንሳል።

ብርና ዶቃ
ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ሚዛኑ 0.60 አለ። ሲካፈል 4.03 ወጣ! እውነት ሊሆን ነው እንዴ?

ሌንስ
ቀስ በይ። አልማንዲን የሚባለው ቀይ ጋርኔትም እዚያው 4 አካባቢ ነው። ሩቢም 4.00 ነው። ይህ ቁጥር የጣለልሽ ስፒኔል የሚባለውን ሌላ ቀይ ድንጋይ (3.60) እና ተራ መስታወትን (2.5 ገደማ) ነው።
ጋርኔትንና ፔይናይትን የሚለየው ብርሃን ነው። ፔይናይት ውስጥ የገባ ጨረር ለሁለት ይከፈላል፤ ጋርኔት ውስጥ አይከፈልም። ይሄን ቤትሽ ማየት ትችያለሽ። የላፕቶፕ ስክሪን ነጭ አድርጊና ፖላራይዝድ የሆነ (ነጸብራቅ የሚቀንስ) የፀሐይ መነጽር ከፊቱ ያዢ። ስክሪኑ እስኪጨልም ድረስ መነጽሩን አዙሪ። አሁን ድንጋዩን በመሃል አስገብተሽ ቀስ እያልሽ ሙሉ ዙር አዙሪው። ብልጭ ድርግም እያለ ከበራና ከጨለመ ጨረር ከፋይ ነው። ጨለማ ሆኖ ከቀረ ጋርኔት ወይም መስታወት ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ፔይናይትም ቢሆን በአንድ አቅጣጫ ሲታይ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ ከሦስት አቅጣጫ እዪው። የስልክ ስክሪን ሁሉም አይሠራም፤ ላፕቶፕ ይሻላል።
ቀለሙንም እዪ። ፔይናይት በአንድ በኩል እንደ ሩቢ ይቀላል፤ በሌላ በኩል ወደ ቡናማ ብርቱካናማ ይሄዳል።

ፀሐይ ግባት
የብር ኖት ማረጋገጫው ሐምራዊ መብራትስ? ሱቁ ውስጥ ካለ ቀላል ነው።

ሌንስ
እሱ አይፈርድልንም። ፔይናይት በደንብ ቀይ ሆኖ የሚያበራው በአጭር ሞገዱ ጨረር ነው። የኖት መብራቶች ባብዛኛው ረጅም ሞገድ ናቸው፤ በእነሱ ደካማ ነው።

ብርና ዶቃ
አየሁት። በሁሉም አቅጣጫ ጨለማ ነው። ቀለሙም የትም ባዞረው ያው ነው።

አራት ኪሎ ጂኦ
እንግዲህ ፔይናይትም ሩቢም አይደለም። የቀረን ጋርኔት ወይም እርሳስ የበዛበት ከባድ መስታወት ነው። ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ የሚወጣውን ጠንካራ ማግኔት ፈልጊ። ድንጋዩን ትንሽ ስታይሮፎም ላይ አድርገሽ ውኃ ላይ አንሳፊና ማግኔቱን ሳታስነኪ አስጠጊ። አልማንዲን ብረት ስላለበት ይከተለዋል። መስታወት አይከተልም።
ጉጂ ማለቱ ለጋርኔት ከሆነ እውነት ሊሆን ይችላል። በደቡቡ ያረጁ አለቶች ውስጥ ጋርኔት ያለ ነገር ነው።

ብርና ዶቃ
ተከተለው! እየተንሳፈፈ መጣ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ልመልስለት ነው።

አንጥረኛ ፒያሳ
በጋርኔት ዋጋ እሺ ካለሽ ግን አትመልሺው። ጥርት ያለ 12 ካራት ጋርኔት ለብር ቀለበት ሸጋ ነው። ደረሰኙ ላይ «ጋርኔት» ብሎ ይጻፍልሽ፤ አንቺም ስትሸጪ እንደዚያው ጻፊ። ስታሠሪው ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ድንጋዩ የሚቀመጠው። ጋርኔትን ድንገተኛ ሙቀት ያሰነጥቀዋል።