በጠጠር ማጣሪያ ላይ ፍሳሽን እኩል የሚረጭ ኖዝል እንዴት ይሠራ?

የጥገና ክፍል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ኮሌጅ ፍሳሽ ከሴፕቲክ ታንክ ወጥቶ በጠጠር ማጣሪያ (ድንጋዩ ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ፍሳሹን በሚያጸዱበት) ያልፋል። ማጣሪያው 6 በ6 ሜትር ነው፤ ድንጋዩ ከ4 እስከ 6 ሳ.ሜ የሆነ ጥቁር ድንጋይ ሲሆን ጥልቀቱ 1.8 ሜትር ነው። በቀን 36 ሜትር ኩብ ያህል ይገባል። ፍሳሹ መጀመሪያ 1 በ1.1 ሜትር በሆነ የኮንክሪት ገንዳ ተጠራቅሞ በሳይፎን (ገንዳው ሲሞላ ውሃውን በራሱ ስቦ በሚለቅ ቧንቧ) ይለቀቃል። ገንዳው ሲሞላ የውሃው ወለል ከድንጋዩ ገጽ 1.5 ሜትር ከፍ ይላል።

አሁን ውሃውን የሚያከፋፍሉት ስድስት መስመር ባለ 50 ሚ.ሜ ፒቪሲ ቱቦዎች ናቸው፤ በየ30 ሳ.ሜ 5 ሚ.ሜ ቀዳዳ ተበስቶባቸዋል። ቀዳዳዎቹ በሳምንት ውስጥ ይደፈናሉ። ውሃው ከቱቦው ሥር ብቻ ይወርዳል፣ በመስመሮቹ መካከልና በማዕዘኖቹ ያለው ድንጋይ ደረቅ ነው፣ ትንንሽ ጥቁር ዝንብም ግቢውን ወርሮታል። ወደ ላይ የሚረጭ ኖዝል ልናስገባ አስበናል። ቀዳዳው ስንት ይሁን? ስንት ኖዝል ያስፈልጋል? ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል? ፓምፕስ የግድ ነው?

ሳኒተሪ

መጀመሪያ ድንጋዩ ጭነቱን ይችል እንደሆነ እንይ፤ ካልቻለ ኖዝል መቀየር ከንቱ ልፋት ነው። 36 ሜትር ኩብ በ36 ካሬ ላይ ማለት በቀን 1 ሜትር ውሃ ነው። ከሴፕቲክ የሚወጣው ቢኦዲ (ተሕዋስያን ቆሻሻውን ለማብላላት የሚፈልጉት ኦክስጅን፣ የቆሻሻው መለኪያ) በሊትር 250 ሚሊ ግራም ነው ብንል በቀን 9 ኪሎ ይሆናል። ለ65 ሜትር ኩብ ድንጋይ ሲካፈል በሜትር ኩብ 0.14 ኪሎ ይደርሰዋል። በዝቅተኛ ጭነት የሚሠራ የድንጋይ ማጣሪያ ከ0.08 እስከ 0.4 ስለሚሸከም ድንጋዩ ይበቃችኋል። ችግራችሁ ስርጭቱ ነው። ግማሹ ድንጋይ ደረቅ ከሆነ የቀረው ግማሽ የሁሉንም ጭነት እየተሸከመ ነው ማለት ነው።

5 ሚ.ሜ ቀዳዳ ለፍሳሽ አይሆንም። ከሴፕቲክ የሚያመልጠው ፀጉር፣ የሶፍት ብጭቅጫቂና የረጋ ቅባት ይዘጋዋል። ከ10 ሚ.ሜ በታች አትውረዱ፤ ለእናንተ 12 ሚ.ሜ ይስማማል። አንድ የ12 ሚ.ሜ ቀዳዳ በስፋት ከስድስት ገደማ የ5 ሚ.ሜ ቀዳዳዎች ጋር እኩል ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ ዘጠኝ ኖዝል ነው፤ ዘጠኙ 52 ትንንሽ ቀዳዳዎችን ይተካሉ።

ኖዝሉ ከድንጋዩ በላይ 20 ሳ.ሜ ላይ ይቀመጥ። ሳይፎኑና ቧንቧው 10 ሳ.ሜ ያህል ግፊት ይበላሉ፤ ስለዚህ ገንዳው ሲሞላ ኖዝሉ ላይ የሚቀረው የውሃ ከፍታ 1.2 ሜትር ነው። በዚህ ከፍታ ጠርዙ ስለት የሆነ የ12 ሚ.ሜ ቀዳዳ በሰከንድ 0.34 ሊትር ይለቃል፤ ዘጠኙ ሲደመር 3 ሊትር ያህል ነው። ከፍታው ወደ 30 ሳ.ሜ ሲወርድ ልቀቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ በጠቅላላ 1.5 ሊትር በሰከንድ ይሆናል። ይህቺን ቁጥር ያዟት። ጠዋት ተማሪዎች ሲታጠቡ የሚገባው ፍሳሽ ከአማካዩ 2.5 እጥፍ ቢሆን 1.04 ሊትር በሰከንድ ነው። ዝቅተኛው ልቀት ከከፍተኛው ግብዓት ካልበለጠ ገንዳው ባዶ አይሆንም፣ ሳይፎኑም አይቋረጥም። እናንተ ጋ ይበልጣል፣ ስለዚህ ፓምፕ አያስፈልግም። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቆም ነገር ባይጨመር ይሻላል።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ዘጠኙን በ2 ሜትር ርቀት ሦስት በሦስት ደርድሯቸው፤ ዳር ያሉት ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቁ። በአራት ኖዝሎች መሀል ያለችው ነጥብ ውሃ እንድታገኝ የእያንዳንዱ ክብ ራዲየስ 1.4 ሜትር መድረስ አለበት።

ዋናው መስመር 75 ሚ.ሜ ይሁን፣ ሦስት ኖዝል የሚሸከሙት ቅርንጫፎች የእናንተው 50 ሚ.ሜ ይበቃሉ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ኖዝል መካከል የሚጠፋው ግፊት ከ10 በመቶ ካልበለጠ የልቀታቸው ልዩነት 5 በመቶ ብቻ ነው።

ቶርኖ ቤት

አሠራሩን እኔ ልንገራችሁ። አካሉን ከ1 ኢንች የነሐስ ታፖ (የቧንቧ ጫፍ መዝጊያ) ሥሩት። ታፖውን ቶርኖ ላይ አስረው መሀሉን በ12 ሚ.ሜ ፑንታ ይብሱት። በእጅ ድሪል አይሁን፤ ትንሽ ካዘነበለ የሚወጣው ውሃም ያዘነብላል። ከበሱ በኋላ የጠርዙን ሻካራ በጥንቃቄ አንሡ፣ ግን ጠርዙን አታድበልብሉት። አንዱ ስለት ሆኖ ሌላው የተድበለበለ ከሆነ ከአንድ ቱቦ ላይ ያሉ ኖዝሎች የተለያየ ውሃ ይለቃሉ።

ከቀዳዳው በላይ ጫፉ ወደ ታች ያየ የነሐስ ሾጣጣ ይቀመጣል፤ ሰፊው ወገኑ 35 ሚ.ሜ ይሁን። ውሃው ጫፉን መትቶ በጎኑ እየተንሸራተተ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል። ጫፉ ከቀዳዳው መሀል 1 ሚ.ሜ እንኳ ከሳተ ጃንጥላው በአንድ ጎን ይወፍራል፣ በሌላው ይሳሳል።

በጫፉና በቀዳዳው መካከል ያለው ክፍተት ከቀዳዳው ስፋት አይነስ፤ 15 ሚ.ሜ ስጡት። ውሃ ለማሳለፍ 3 ሚ.ሜም ይበቃል፣ ግን በቀዳዳው ያለፈ ቆሻሻ በክፍተቱም ማለፍ መቻል አለበት።

ሾጣጣውን የሚይዘው እግር አንድ ብቻ ይሁን፤ 5 ሚ.ሜ የስቴንለስ ዘንግ ከጎን ተነሥቶ ከላይ ታጥፎ ይያዘው። ሁለትና ሦስት እግር ጠንካራ ይመስላል፣ ግን ፀጉር የሚጠመጠመው እዚያ ላይ ነው። አንዲት ክር እግሩን ትይዛለች፣ በላይዋ ቅባት ይለጠፋል፣ ሌላ ክር ይጨመራል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ጣት የሚያህል ግራጫ ጉንጉን ሆኖ ጃንጥላውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከኋላው ያለው ድንጋይ ይደርቃል። ተራ ብረት አትጠቀሙ፤ ከሴፕቲክ በሚወጣው ጋዝ ቶሎ ይበላል።

ሃይድሮሊክስ

የቶርኖ ቤትን ምክር ልደግፍና የሾጣጣውን አንግል ልጨምር። ብዙ ሰው ሩቅ ይረጫል ብሎ ውሃው በ45 ዲግሪ እንዲወጣ ያደርጋል። በ30 ዲግሪ ቢወጣ ርቀቱ የሚቀንሰው በ13 በመቶ ብቻ ነው፣ ወደ ላይ የሚነሣው ግን በግማሽ ይቀንሳል፤ በ1.2 ሜትር ግፊት 60 ሳ.ሜ የነበረው 30 ሳ.ሜ ይሆናል። ነፋስ የሚወስደው ይቀንሳል። ለ30 ዲግሪ የሾጣጣው ጫፍ 120 ዲግሪ የተከፈተ ይሁን (90 ዲግሪ ከሆነ 45 ነው የሚረጨው)። በስሌት 2 ሜትር ይደርሳል፤ በሾጣጣው ላይ በሚፈጠረው ፍትጊያና በአየሩ ሲሶው ይጠፋል ብላችሁ ያዙ፣ የሚቀረው ለ1.4 ሜትር ይበቃል።

አሁን ወደ ገንዳው ልምጣ፤ ከኖዝሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ገንዳው ሲጎድል ግፊቱ ይወርዳል፣ የሚረጨው ክብም እየጠበበ ወደ ኖዝሉ ይሰበሰባል። ቋሚ ኖዝልን የሚጠቅመው ይኸው መጥበብ ነው፤ ሰፊው ክብ ዳሩን፣ ጠባቡ መሀሉን ያጠጣል። ነገር ግን የዳሩ ቀለበት ከመሀሉ ቀለበት ብዙ እጥፍ ድንጋይ አለው፣ ስለዚህ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ገንዳ ለሁለቱም እኩል ውሃ ይሰጣል፤ መሀሉ ይሰምጣል፣ ዳሩ ይጠማል።

የክቡ ራዲየስ ከግፊቱ ጋር በቀጥታ ስለሚሄድ፣ የገንዳው ስፋትም ከከፍታው ጋር በቀጥታ ማደግ አለበት። ማለትም ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነ ገንዳ ያስፈልጋል። የቋሚ ኖዝል ማጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም በአሜሪካ ከተሞች ሲስፋፋ መሐንዲሶች ገንዳውን ወደ ታች የሚጠብብ ያደርጉት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእናንተ በአንድ ልቀት 600 ሊትር ይበቃል። ግፊቱ ከ1.2 ሜትር ወደ 0.3 ሜትር ሲወርድ ገንዳው በ90 ሳ.ሜ ይጎድላል። ርዝመቱ 1 ሜትር ከሆነ ስፋቱ ከላይ 107 ሳ.ሜ፣ ከታች 27 ሳ.ሜ ይሁን። በአማካይ ግብዓት በ24 ደቂቃ ይሞላል፣ በ5 ደቂቃ ይፈስሳል። ይህ ዕረፍት ድንጋዩ አየር የሚያገኝበት ነው።

የጥገና ክፍል (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ገንዳው ግን ኮንክሪት ነው፣ ማፍረስ አንችልም።

ሃይድሮሊክስ

ማፍረስ አያስፈልግም። ስፋቱ 1.1 ሜትር አይደል? በአንደኛው ግድግዳ በኩል ከውስጥ በብሎኬትና በሲሚንቶ ተዳፋት ሙሉበት፤ ከታች 80 ሳ.ሜ ወፍሮ ከላይ ወደ ምንም እያለቀ ይምጣ። የሚሞላው ከ0.4 ሜትር ኩብ አይበልጥም። ፊቱን በደንብ ለስኑት፣ አለበለዚያ ዝቃጭ ይይዛል። ሳይፎኑ በቀረው የ30 ሳ.ሜ ቦታ መግባቱን አስቀድማችሁ ለኩ። ካልገባ ተዳፋቱን ከሳይፎኑ ደወል (ከላይ ከሚከድነው ክዳን) ዳር አቁሙት፤ መሀሉ ትንሽ የበለጠ ውሃ ያገኛል እንጂ ሥራው አይበላሽም።

ኦፕሬተር

ሳይፎኑን ተመልከቱት፣ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ በእሱ ሊበላሽ ይችላል። ሌሊት ግብዓቱ ቀጭን ሲሆን ደወሉ ስንጥቅ ካለው አየሩ ያመልጣል፣ ሳይፎኑ አይነሣም፣ ውሃው ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ያኔ ዝቅ ብለው ያሉት ኖዝሎች ብቻ ያለቅሳሉ፣ ጃንጥላ አይከፈትም። በተቃራኒው ሳይፎኑ ከተነሣ በኋላ ካላቆመ፣ አየር የምታስገባዋ ትንሽ ቱቦ በቅባት ተደፍናለች ማለት ነው፤ በሽቦ ጥረጓት።

ከገንዳው በፊት 3 ሚ.ሜ ወንፊት ሴፕቲኩ መውጫ ላይ ይኑር። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጎሚቶ (መታጠፊያ) እና ታፖ ግጠሙ፤ በሳምንት አንዴ ገንዳው ሞልቶ ሲለቀቅ ታፖውን ከፍታችሁ ዝቃጩን አስወጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፣ ግፊት ያጣል። መነጽር፣ ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ ነፋሱን ከኋላችሁ ይዛችሁ ሥሩ።

ስለ ሽታው እወቁት፦ ከሴፕቲክ የሚወጣ ውሃ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይዟል፣ ሲረጭ ጋዙ ይወጣል። ጠብታው በደቀቀ መጠን ሽታው ይብሳል። ስለዚህ የአትክልት መርጫ ኖዝል ገዝቶ መግጠም አይሆንም፤ ጠብታው ወፍራም ይሁን።

ዝንቡ የሚራባው አንዴ እየረጠበ አንዴ እየደረቀ ባለው ዳር ላይ ነው፤ ማዕዘኖቹ ሲረጥቡ ይቀንሳል። የማጣሪያውን መውጫ ዘግቶ ለ24 ሰዓት በውሃ ማጥለቅም የዝንቡን እጭ ይገድላል፣ ግን ግድግዳው 1.8 ሜትር ውሃ እንዲሸከም ካልተሠራ በፍጹም አትሞክሩት።

ሌላው ግድግዳው ነው። ዳር ያሉት ኖዝሎች ግድግዳውን ይመታሉ፣ ውሃው ግድግዳውን ተከትሎ ሳይጣራ ታች ይደርሳል። በድንጋዩ ገጽ ከፍታ ላይ ግድግዳው ዙሪያ 10 ሳ.ሜ ወደ ውስጥ ያዘነበለ የፕላስቲክ ወይም የሲሚንቶ ከንፈር ሥሩለት። ግድግዳው ከድንጋዩ በላይ 50 ሳ.ሜ ካልሆነም አስረዝሙት።

ሳኒተሪ

ፍሳሽ ከመልቀቃችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ ሞክሩ። አፋቸው 10 ሳ.ሜ የሆነ 36 የድልህ ቆርቆሮዎች በየ1 ሜትሩ አስቀምጡ፣ አንድ ሙሉ ልቀት ይለቀቅ፣ ከዚያ በየቆርቆሮው ያለውን በሚሊ ሊትር ለኩ። 600 ሊትር እኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ 130 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ከአማካዩ ያለው ልዩነት በአማካይ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ65 በታች የያዘ ካለ ያንን ቦታ ፈልጉት። ዳሩ ሁሉ ካነሰ ውሃው 1.4 ሜትር አልደረሰም፤ የሾጣጣው አንግል ወይም የቧንቧው ግፊት ይታይ። በአንድ ኖዝል ዙሪያ ብቻ ካነሰ ሾጣጣው ጠሟል ወይም ቱቦው ቀጥ ብሎ አልቆመም።

የጥገና ክፍል (ጠያቂ)

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ሾጣጣውን የሚይዘው እግር ራሱ ውሃውን ይከልላል። ወዴት ይዙር?

ቶርኖ ቤት

ወደ ጎረቤቱ ኖዝል ይዙር። የሁለት ጎረቤታሞች ክብ እዚያ ላይ ስለሚደራረብ የአንዱን ጥላ የሌላው ውሃ ይሸፍነዋል። በሰያፍ ወደ አራቱ መሀል ካዞራችሁት ግን እዚያ ውሃው ጫፉ ብቻ ነው የሚደርሰው፣ ደረቅ ነጥብ ይቀራል። የማዕዘኖቹም እግር ወደ ጎረቤት እንጂ ወደ ግድግዳ አይዙር። ታፖው ሲጠብቅ እግሩ በፈለገበት ስለሚቆም ቴፍሎን እየጨመራችሁ አስተካክሉት፤ ከተስተካከለ በኋላ ታፖውና ቱቦው ላይ አንድ መስመር በቀለም አስምሩ፣ ለጽዳት ተፈትቶ ሲመለስ መስመሮቹ ይገጣጠማሉ።