የኦንላይን ሱቅ አስተያየት ይታመናል ወይ?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ጎበዝ። ከአዲስ አበባ ጫማ ላዝዝ ብዬ የሱቁን ድረ ገጽ ሳይ ሁሉም አምስት ኮከብ ነው። ባለፈው እንዲሁ ኮከብ አይቼ ያዘዝኩት ቦርሳ ጎንደር ደርሶ ገና ስከፍተው ዚፑ እጄ ላይ ቀረ፤ ብደውል ብደውል የሚያነሳ የለም። በጣም ነው የተናደድኩት። ምኑን ልመን?

እናት ከአዘዞ፦
አይዞህ ወንድሜ። ኮከቡን ተወውና ጽሑፉን አንብብ። "በጣም አሪፍ ነው" ብሎ ያለፈ ሰው ምንም አልነገረህም። "41 አዝዤ ጠበበኝ፣ ሁለት ዝናብ ሲመታው ሶሉ ለቀቀ" ያለው ግን ጫማውን አድርጎታል። እኔ መጀመሪያ የማነበው ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን ነው። ቀኑንም እይ፤ ምስጋናው ሁሉ በአንድ ቀን ከተደረደረ ተጠራጠር።

ነጋዴው፦
እኔ ፒያሳ ልብስ እሸጣለሁ። "ጥሩ ጥሩ አስተያየት እንጻፍልህ፣ ትከፍለናለህ" ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ እምቢ አልኩ፣ ደንበኛዬን ነገ መንገድ ላይ አገኘዋለሁና። ነገሩ እኛ ጋ ብቻ አይደለም። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2022 የሐሰት አስተያየት ያስጽፋሉ ያላቸውን ከ10,000 በላይ የፌስቡክ ግሩፖች አስተዳዳሪዎች ከሷል፣ አሜሪካም በ2024 የሐሰት አስተያየት መግዛትና መሸጥን የሚከለክል ደንብ አውጥታለች። ዕቃው ሳይደርስህ ብር አትላክ፣ ይኸው ነው።

የማራኪ ልጅ፦
እናመሰግናለን። አሁን ገብቼ ባለ ሁለት ኮከቦቹን አነበብኩ፤ ሦስቱም የሚያወሩት ስለ ሶሉ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ በእጄ አጥፌ አይቼ እገዛለሁ።