የአቧራው ማመልከቻ፦ እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ

ተሾመ፦ ረቂቁ ይሄው። አንደኛ፣ የመንገዱ ተቋራጭ ገረጋንቲ ያፈሰሰበትን ሁሉ ጠዋትና ከሰዓት ውሃ ያርከፍክፍ። ሁለተኛ፣ ገልባጮቹ ጭነታቸውን ሸራ ያልብሱ፣ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብለው ይለፉ። ሦስተኛ፣ ብናኙ ይለካ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ፒኤም 10 የሚባለው፣ ከ10 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ፣ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ45 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም።

ያረጋል፦ በማን ማህተም ነው የሚገባው?

ተሾመ፦ በላይ ሰፈር እድር።

ያረጋል፦ ለምን ሲባል? የመብራቱም ጊዜ በእናንተ ማህተም ገባ፣ ፖሉ የት እንደቆመ ሁላችንም እናውቃለን። ነፋሱ የሚነፍሰው ወደ ታች ሰፈር ነው፣ አቧራውን የምንውጠው እኛ።

ደሴ፦ ሁለቱም ይመታበትና ይለቅ።

ያረጋል፦ ከላይ የማን ይሆናል ታዲያ?

ብርቱካን፦ ኧረ በናታችሁ! ልጄ ሲስል ነው የሚያድረው። በርበሬ ማስጣት ቀርቷል። ረከቦቱን ወልውዬ ጀበናው ሳይፈላ እንደገና ጣቴ ቀይ ይሆናል፣ እናንተ ማህተም ትላላችሁ።

ተሾመ፦ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አንብቡት። ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስም፣ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጡ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። የግድ የእድር ማህተም አያስፈልግም።

ያረጋል፦ ካላስፈለገ የናንተን ለምን ቀድመህ ጻፍክ?

ተሾመ፦ የጻፍኩት እኔ፣ ፎቶኮፒውም ከኪሴ። ካላመንከኝ ውሰድና አንተ ጻፈው!

ደሴ፦ እረፉ። በስምና በፊርማ ይሁን፣ ማህተም ይቅር። አለቀ።

ያረጋል፦ እሺ። ንዴት ነው፣ ተሾመ፣ አትቀየመኝ። አበባው ሁሉ አቧራ ለብሶ ንቦቼ ቀፎውን ጥለው ሄዱ።

ሙሉቀን፦ ሦስተኛውን ማን ይለካዋል? ወረዳው መሣሪያ የለውም። ሰኞ ደብረ ማርቆስ እወርዳለሁ፣ ዩኒቨርሲቲው መለኪያ ያውሰን እንደሆነ ጠይቄ እመጣለሁ።

ደሴ፦ ሙሉቀን ምን ይዞ መጣ? ስልኩ አይነሳም።

የሺ፦ እኔም ልናገር። የተቋራጩ የውሃ ቦቴ የሚሞላው እኮ ከምንጫችን ነው። ቀድቶ ሲሄድ ውሃው ደፍርሶ እስኪጠራ ጀሪካን ደርድረን እንጠብቃለን። በቀን ሁለቴ ይርከፍከፍ ስትሉ እኛ ምን እንጠጣ?

ብርቱካን፦ እትዬ የሺ እውነቷን ነው። ከወንዝ ይቅዳ።

ደሴ፦ ከወንዝ ይቅዳ ብቻ አይበቃም፣ ተቋራጩ ሥራውን ሳይጨርስ ቦኖ ያቁምልን። እሱን አንደኛ አድርጉት።

ያረጋል፦ እኔም ቦኖውን እደግፋለሁ።

ተሾመ፦ እሺ፣ ሙሉቀን ስለጠፋ ልኬቱ ወጥቷል። ቦኖው አንደኛ፣ ከወንዝ መቅዳቱ ሁለተኛ፣ ማርከፍከፉ ሦስተኛ። ፊርማ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ።

ብርቱካን፦ ሸራውስ? የገልባጮቹስ ፍጥነት? አዲሱ ላይ አላየሁትም።