ጭስ ውስጥ ያለን ሰው በቫይብሬት ወደ መውጫው መምራት (ቪአር፣ በመነጽር የሚታይ ምናባዊ ዓለም)

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። በዩኒቲ (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) የእሳት አደጋ ማምለጫ ስልጠና እየሠራሁ ነው። የቪአር መነጽሩ ኩዌስት 2 ነው። ሰልጣኙ ጭስ በሞላበት ኮሪደር መውጫውን መፈለግ አለበት። መጀመሪያ አየር ላይ ቀስት አደረግኩ። ሁሉም ቀስቱን ብቻ አይተው ወጡ፤ ጭሱ ከንቱ ሆነ። አሁን ቀስቱን አጥፍቼ በሩ በቀኝ ሲሆን የቀኙን ኮንትሮለር (በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ) ቫይብሬት አደርጋለሁ። ግን ግማሾቹ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ግማሾቹ ይሸሻሉ። ምን ይሻላል?

መላሽ 1፦
የሸሹትም አልተሳሳቱም እኮ። ቫይብሬቱ «ወደዚህ ና» ይሁን «ተጠንቀቅ» ማን ነገራቸው? ጭሱ ከመግባቱ በፊት ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ደቂቃ አለማምዳቸው። አቅጣጫውንም ከእጁ ሳይሆን ካሜራው (የሰልጣኙ እይታ) ከዞረበት አስላ። ሰው እጁን ሊያጣምር ይችላል።

መላሽ 2፦
የበሩን ርቀት በቫይብሬቱ ጥንካሬ አታሳይ፣ ልዩነቱን መለየት ያስቸግራል። በምቱ ፍጥነት አሳይ፦ ሲርቅ ዘግየት፣ ሲቀርብ ቶሎ ቶሎ። ሴንድ ሃፕቲክ ኢምፐልስ (ኮንትሮለሩን ቫይብሬት የሚያደርገው የዩኒቲ ትዕዛዝ) ጥንካሬን ከ0 እስከ 1፣ ቆይታን በሰከንድ ይቀበላል። እኔ በ0.5 ጥንካሬ እና በ0.08 ሰከንድ ቆይታ ነው የምጀምረው። ሳታቋርጥ ከሰጠኸው ግን ቆዳ ይለምደውና መስማት ያቆማል። ኮንትሮለር ሳይዙ በባዶ እጅ ከሆነ ቫይብሬት የሚያደርግ ነገር ስለሌለ በድምፅ ተካው።

መላሽ 3፦
ወንድሜ፣ እኔ ኮድ አላውቅም፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበርኩ። እውነተኛ ጭስ ውስጥ አቅጣጫ የሚነግርህ ቫይብሬት የለም። ዝቅ ብለህ፣ አንድ እጅህን ግድግዳ ላይ አድርገህ፣ ሳትለቅ ትሄዳለህ። ለምን ንዝረቱን ለግድግዳው አትሰጠውም? እጁ ግድግዳ ሲነካ ቀለል ያለ ምት፣ የበሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሁለት ጠንካራ። የተዘጋ በርም ከመክፈቱ በፊት በእጁ ጀርባ ይፈትሸው። በሩ ግሎ ከሆነ የተለየ፣ የተከታተለ ምት ስጠው። ይህን የለመደ ሰው ቤቱ ሲቃጠልም ይጠቅመዋል።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬውኑ ሞከርኩት። የሸሸ የለም፤ ሁሉም ግድግዳውን ይዘው ሄዱ። አንድ ችግር ቀረኝ፦ እጃቸው ግድግዳውን አልፎ ይገባል።

መላሽ 2፦
የሚታየውን እጅ ግድግዳው ፊት ላይ አስቁመው። ምቱን ደግሞ እጁ በተንሸራተተ ቁጥር፣ በየ5 ሴንቲሜትሩ ስጥ። እጁ ሲቆም ዝም ይበል። ያኔ ሻካራ ነገር የዳሰሰ ይመስለዋል።