የጋራ ፕሮፖዛል፦ የኃይል ማመንጫ ዩኒቶቻችን (ተርባይንና ጄኔሬተሮቻችን) ለምን ቶሎ ቶሎ ይቆማሉ?

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮፖዛሉን አርብ እንዘጋለን። እስካሁን የላካችሁት አብዛኛው ይሄ ይገዛ ያ ይገዛ ነው፣ መጀመሪያ ግን ምን እንደምንለካ እንስማማ። አቬይለቢሊቲ (ዩኒቱ ለስራ ዝግጁ የሆነበት ጊዜ በፐርሰንት) ብቻ አይበቃም ወይ?

ሮተር፦ ኧረ አይበቃም! አንድ ዩኒት በዓመት 50 ጊዜ ትሪፕ ቢያደርግና (በድንገት በራሱ ቢዘጋና) በእያንዳንዱ 2 ሰዓት ቢቆም ጠቅላላው 100 ሰዓት ነው፣ ከ8760 ሲታሰብ አቬይለቢሊቲው 98.9 ፐርሰንት ይመጣና ሪፖርቱ ያምራል፣ ኮንትሮል ሩም ያለው ሰው ግን አሳሩን ይበላል። የትሪፕ ብዛትና ምክንያቱ ለብቻው ይግባ።

የማታ ሺፍት፦ ምክንያቱን ማን ይጽፋል ነው እንጂ ጥያቄው። አንድ ሌሊት የቤሪንግ (ዘንጉን የሚሸከመው ክፍል) ሙቀት አላርም ጮኸ፣ ሪሴት ተደረገ፣ ሎግ ቡክ ላይ "ኖርማል" ተባለ። በሶስተኛው ቀን ዩኒቱ ቆመ፣ ሲከፈት ባቢቱ (የቤሪንጉ ለስላሳ የብረት ሽፋን) ቀልጧል። ከዛ ሪሴት ያደረገው ማነው ተብሎ ሰው ሲፈለግ ከረመ፣ ዘይቱ ለምን ሞቀ ብሎ የጠየቀ የለም፣ ለካ ኩለሩ (ዘይቱን የሚያቀዘቅዘው) በደለል ተደፍኖ ነበር።

ሮተር፦ ለዚህ እኮ ነው ኦንላይን ቫይብሬሽን (ንዝረት) እና ቴምፕሬቸር ሞኒተሪንግ ያልኩት

መካኒክ፦ ወንድሜ ሴንሰር አልጠላም፣ ግን ሩሲያ ሳያኖ ሹሸንስካያ የውሃ ኃይል ማመንጫ የሆነውን አስታውስ። 2009 እ.ኤ.አ. ላይ የ2ኛው ዩኒት ክዳን ብሎኖች በፋቲግ (ብረቱ በተደጋጋሚ ጫና ደክሞ) ተበጥሰው 75 ሰው አለቀ፣ ቫይብሬሽኑ ቀድሞ እየጨመረ ነበር። ቁጥሩን አይቶ "ይቁም" የሚል ሰው ከሌለ ስክሪን ምን ያደርጋል? ኦፕሬተሩ ማንንም ሳያስፈቅድ ዩኒት ማቆም እንዲችል በጽሁፍ ይቀመጥለት። ደግሞ ለውሃ ጣቢያዎች ርካሹን ስራ አንርሳ፣ ትራሽ ራክ (ውሃ መግቢያው ላይ ቆሻሻ የሚይዘው ፍርግርግ) ማጽዳት። ኔት ሄዱ (ተርባይኑ የሚያገኘው የውሃ ከፍታ) 100 ሜትር ሆኖ ቆሻሻው 1 ሜትር ቢበላብህ በዛው ፍሰት ወደ 1 ፐርሰንት ኃይል ሄደ ማለት ነው፣ በነጻ።

ሰብሳቢ፦ የትራሽ ራክ ጽዳቱ አንደኛ ይሁን። የትሪፕ መዝገቡ ይከተላል፣ ሴንሰሩ ሶስተኛ፣ ሮተር አትቀየመኝ። የማቆም ስልጣኑን አንቀጽ የማታ ሺፍት ይጻፈው።

የማታ ሺፍት፦ እሺ። ያን ሌሊት ሪሴት ያደረኩት እኔ ነኝ፣ እሱንም ልጻፈው እንዴ?

መካኒክ፦ ጻፈው፣ ኩለሩንም እንዳትረሳ።