የ1945ቱ «ዲቱር»፦ የበጀት ማነስ ነው ወይስ የዳይሬክተሩ ስህተት?

ጥያቄ፦ የኤድጋር ኡልመርን «ዲቱር» ፊልም ስትመዝኑ በገንዘብ እጥረት የመጣውን ጉድለት ከዳይሬክተሩ ስህተት በምን ትለያላችሁ?

መልስ፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ አል መንገድ ላይ ቆሞ ሊፍት የሚለምንባቸውን ትዕይንቶች ልብ ብለህ እያቸው። የመኪናው መሪ በቀኝ በኩል ነው፤ ምስሉ ተገልብጦ ስለታተመ። ወደ ምዕራብ የሚደረገው ጉዞ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲታይ ተፈልጎ ይመስላል። ሐሳቡ ትክክል፣ አፈጻጸሙ ግን ግልጽ ጉድለት ነው።

መልስ፦ አል ከፍቅረኛው ጋር በኒውዮርክ በእግር የሚሄድበት ትዕይንት ግን ሌላ ነው። ጭጋጉ የመንገድ ዲኮር (ለቀረጻ የሚሠራ የመንገድ ገጽታ) አለመኖሩን ይሸፍናል፤ ፍቅረኞቹም ዓለም የጠፋባቸው ስለሚመስሉ እኔ ጥንካሬ እለዋለሁ።

መልስ፦ ከምስሉ በላይ የሚሰማው የአል ትረካ በዝቷል የሚሉት አያሳምኑኝም። አል የሚተርከው ራሱን ከጥፋተኝነት ነጻ ለማውጣት ነው፤ ድምፁን ዘግተህ ድርጊቱን ብቻ አንዴ ተመልከት። ተዋናይቷ አን ሳቬጅ እስክትገባ ድረስ ፊልሙ እንደሚንዛዛ ግን እቀበላለሁ።